ታናሽ እህቴን ፈልጎ ላገኘው መሥሪያ ቤት

ለተከበሩ የተጠቃሚዎች ግላዊ መረጃ ጥበቃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ድካም ለማያውቁት ማሽኖችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ መተግበሪያዎን የቀሚስ ሞዴል ለማየት ብቻ የጫንኩ ሴት ስሆን፣ ድርጅትዎ ለቤተሰቤ የዋለውን ውለታ በአደባባይ ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አያርፍም።

፩. ታናሽ እህቴ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። የስልክ ቁጥሯን ቀይራ፣ ፎቶ በሌለው ገጽ «ሚጢጢ» በሚለው የቤት ስሟ እናንተ ዘንድ ተመዝግባ፣ አንድ ላውንደሪ ውስጥ በሰላም ትሠራ ነበር። ባሏ ዘመድ ከዘመድ ሳይለይ ጠይቆ ያጣትን ሴት፣ ድርጅትዎ በአንድ ጠዋት «ሊያውቋት ይችላሉ» ብሎ ስልኩ ላይ አስቀመጠለት። የላውንደሪውን ገጽ መውደዷንም አብሮ ስላሳየው፣ መንገድ የመጠየቅ ድካም እንኳ አልደረሰበትም።

፪. ወሬውን ያቀበላችሁ ማን እንደሆነ ባጣራ፣ እኔው ሆኜ ተገኘሁ። መተግበሪያውን ስጭን «ጓደኞችዎን እንድናገኝልዎ የስልክ ማውጫዎን እንይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠየቃችሁኝ፤ እኔም መቀስ በያዝኩበት እጅ «እሺ» የሚለውን ነካሁ። ማውጫዬ ውስጥ የእህቴ አዲስ ቁጥርና ያላጠፋሁት የባሏ ቁጥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ሳለ ጣቴ አመለጠኝ።

፫. ሰውየው ላውንደሪው መቀበያ ላይ ቆሞ፣ «ማን ነገረህ?» ስትለው «ስልኬ» አላት። ክንዷን ጨምድዶ ሊጎትታት ሲል፣ ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባዋ የጋለ ካውያ እንደያዘች መጥታ በመሃላቸው ቆመች። ሰውየው ካውያውን አየና ወጣ። እህቴን እስካሁን በእውነት የጠበቃት አንድ ሰው ቢኖር ይህች ሴት ናት፤ እርሷ ደግሞ የእናንተ ተቀጣሪ አይደለችም።

፬. አቤቱታዬን ብልክላችሁ «ተጠቃሚዋ በውሉ ተስማምተዋል» የሚል መልስ በፍጥነት ደረሰኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት በዚህ ጨዋ ቋንቋ ሲጻፍ ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ውሉን ዘንድሮ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከልብስ ስፌት በቀር ሙያ የሌለኝ ሴት እንኳ፣ ቀዳዳን ሆን ብሎ የሚተው ሰው ስፌቱ ላይ እንደሚታወቅ አውቃለሁ።

ፍርድ እንዳላጓድል፣ እኛም ረድተናችኋል። የደም ግፊት ውጤቱን ከሚስቱ የሚሸሽገው ጡረተኛ ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» አለኝና የሐኪም ቀጠሮውን ለእናንተ አስመዘገበ። ደንበኞቼም ልብሳቸውን ሲለኩ መጋረጃ አስዘግተው፣ የወገባቸውን ልክ ለእናንተ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ላይ መሰለል ሥራ አይባልም፤ ለቀማ ነው።

እህቴ በዚያው ቀን ሥራዋን ትታ ከተማውን ለቀቀች። ከሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደውላ ደህና መሆኗን ነገረችኝ። የት እንዳለች ስጠይቃት፣ «እትዬ፣ አንቺን አምንሻለሁ፤ ስልክሽን ግን አላምነውም» አለችኝ። እናታችን ስለ እርሷ ስትጠይቀኝ አላውቅም እላለሁ፤ እውነቴን ነው።

ያልጠየቅናችሁን ሁሉ ለሚያደርጉልን እጆችዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሳታነብ የተስማማችው አክባሪዎ፣

ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ለመስጠት አስቤ አድራሻዎን በራስዎ መተግበሪያ ፈልጌ ነበር። ገጽዎ ተቆልፏል፣ የወዳጆችዎ ዝርዝር ተሰውሯል፣ የልጆችዎ ፊት በሙሉ ተሸፍኗል። ቢያንስ አንድ ሰው ውሉን አንብቦታል ማለት ነው።