ቅልጥም የሌለበት ድስት

ውድ ወንድሜ ክሊዮፈስ፣

እንዴት ከርመሃል? የዲትሮይት ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ኖርሊንስ ደህና ናት? ከሁሉ በፊት ግን ጣቶችህ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብልህ ይሻላል፤ ያለ አባባ ግን ቤቱ ቤት አልሆነልኝም።

በረዶው መንገድ ዘግቶብህ ከቀብሩ በመቅረትህ ማንም አልተቀየመህም። የምጽፍልህ ሌላ ነገር ውስጤን እየበላኝ ስለሆነ ነው። በስልክ "ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፣ እርጅና ነው" ብለህ ሳቅህ። አባባንም የጀመረው እንዲሁ ነበር።

የመገጣጠሚያው እብጠት ሲጠናበት ዶክተሯ ከመድኃኒቱ ጋር ጎመንና ባቄላ አብዢለት፣ ስጋ ቀንሺለት ብላኝ ነበር። እኔም ዓመት ሙሉ በየቀጠሮው ጎመን ነው የሚበላው እላት ነበር። አንድ ቀን ድስቱ ውስጥ የምትጨምሪውን ሁሉ ንገሪኝ አለችኝ። የተጨሰውን የአሳማ ቅልጥም ስጠራ ብዕሯን አስቀመጠች። አንተም ታውቃለህ፣ በእኛ ቤት ቅልጥም ማጣፈጫ እንጂ ስጋ ሆኖ አያውቅም። አንጀታችን ውስጥ ያሉት ደጋግ ባክቴሪያዎች የሚበሉት የጎመኑንና የባቄላውን አሰር ነው፤ እሱን ሲያገኙ የተቆጣውን ሰውነት የሚያረጋጋ ነገር ይሠራሉ፤ ስብና ጨው ሲበዛ ግን ይጎዳሉ ብላ አስረዳችኝ። አፈርኩ።

ያለ ቅልጥም ስሠራለት አባባ ድስቱን ከፍቶ አይቶ፣ "ቬርሊን፣ ፍየል አደረግሽኝ እንዴ?" አለኝ። "ጎመን በጤና፣ አባባ" አልኩት። እያጉረመረመ በላ። ዶክተሯ የመድኃኒቱ ይሁን የምግቡ ለይቼ አልነግርሽም ብትልም፣ በአምስተኛው ወር እብጠቱ ቀለለለት። ለፋሲካ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ከስድስት ዓመት በኋላ በሁለት እጁ ተጫወተ። ያባከንኩበት ዓመት የቆጨኝ ያን ቀን ነው። ባለፈው ወር ልቡ ከዳው እንጂ እጁስ ተመልሶለት ነበር።

ከቀብር መልስ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንደ ወጉ ጎመን ከነቅልጥሙ ይዘው መጡ። እኔም የአባባን ጎመን ሠርቼ ከጎኑ አስቀመጥኩ። አንድም ሰው አልነካውም። ሁሉም ሲሄዱ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ በላሁት።

ወንድሜ፣ እባክህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እርጅና ነው አትበለኝ። ከጓሮው የለቀምኩትን የጎመን ዘር ልኬልሃለሁ፤ ኖርሊን ትትከለው፤ ቅልጥሙን ግን ትተወው። እሷንም ትንሿን ልጃችሁን ጃኒስንም በጣም ሳምልኝ። ፓስተሩ ሰላም ብለውሃል። የኦርጋኑን ወንበር ለማንም አልሰጡም፤ አባቱ ያስተማረው ልጅ እስኪመጣ ይቆይ ብለዋል። ጣቶችህን ጠብቅልኝ።

እህትህ ቬርሊን
ግሪንውድ፣ ሚሲሲፒ
ማርች 9 ቀን 2019