እትዬ ቀስ፣ የዋግምት አሠልጣኟ

በቤተሰብም በሥራ ቦታም «እትዬ ቀስ» ተብለው የሚጠሩት ታላቅ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ጥር 9 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አቀርቅረው ስለሚውሉ ትከሻቸው ይታሰር ነበር። እትዬ ገና በሰባት ዓመታቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ያንን ትከሻ ማሸት ያዙ። አባታችንም ለደንበኞቻቸው «ቀኝ እጄ መጣች» እያሉ ያስተዋውቋቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው አጠናቀው፣ የአንድ ዓመት የማሳጅ ሥልጠና ወስደው በ1969 ዓ.ም. በአንድ የግል ማሳጅ ቤት ተቀጠሩ። ዋግምትን የለመዱት እዚያው አንዲት አንጋፋ ባልደረባቸው ስትሠራ እያዩ ነው። በአልኮል የራሰ ጥጥ አቀጣጥሎ ብርጭቆውን ማሞቅ፣ ከዚያም ጀርባ ላይ መለጠፍ። ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም።

በ1972 ዓ.ም. አንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ጀርባቸውን አሟቸው መጡ። ጥጡ አልኮል በዝቶበት ስለነበር የሚነድ ጠብታ ወርዶ ሹፌሩን በሁለቱ ትከሻቸው መካከል አቃጠላቸው። የቤቱ ባለቤት «ቆዳው አለርጂክ ነው በይ» ብለው አዘዙ። እትዬ ግን ሹፌሩ ፊት ቆመው፣

«ቆዳዎ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

በዚያው ዕለት ከሥራ ተባረሩ። በማግስቱ ፋሻና ቅባት ይዘው ሹፌሩ ቤት ሄዱ። የሹፌሩ እናት በሩን ገርበብ አድርገው ዕቃውን ተቀበሉና መልሰው ዘጉት። በሁለተኛው ቀን አስገቧቸው። በአምስተኛው ቀን ሻይ ቀረበ። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ቢድንም ሹፌሩ «ገና ይቆጠቁጠኛል» እያሉ አንድ ሳምንት አስጨመሩ፤ ይህንንም ራሳቸው በየሠርጉ ሲያወሩት ኖረዋል። ሁለቱ በ1974 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

እትዬ ከዚያ አደጋ በኋላ ያልተማሩትን ሥራ በሰው ገላ ላይ ላይሞክሩ ለራሳቸው ቃል ገቡ። ልጆች እያሳደጉ የሰውነት አካላት ትምህርት ሁለት ዓመት ተከታተሉ፤ በእሳት ፋንታ አየሩ በእጅ ፓምፕ የሚሳብበትን ኩባያም ለመዱ። በ1985 ዓ.ም. ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው የማሳጅ ባለሙያዎችን ዋግምት ማሠልጠን ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ስድስት ነበሩ።

ማንም ሠልጣኝ ኩባያው በራሱ ጀርባ ላይ ሳይለጠፍ የሌላ ሰው ጀርባ አይነካም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ያልተጠየቀ ደንበኛ አልጋ ላይ አይወጣም። ዋግምት የተያዘ ጡንቻ ከማላላት አልፎ ተአምር ይሠራል ብሎ ያወራ ሠልጣኝ ከትምህርቱ ይሰናበታል። ፓምፑን ለሚያጣድፉ ሁሉ «ቀስ፣ ቀስ» ስለሚሉ ስሙ እዚያ ወጣላቸው። ስማቸውን በስልክ አጣርተው ያልሰሙ አንድ አዛውንትም ቄስ መስለዋቸው፣ ደረጃውን በመከራ ወጥተው ቡራኬ ጠይቀዋል። እትዬ አስቀምጠው ጉልበታቸውን አሽተው ሸኟቸው።

በ1993 ዓ.ም. አንዲት ዓይነ ስውር ወጣት ለመመዝገብ መጣች። ሦስት ቦታ መልሰዋታል። ሁለት ነባር ሠልጣኞች የቆዳ ቀለም ሲለወጥ የማታይ ሰው እንዴት ዋግምት ትሠራለች፣ እሷ ከገባች እኛ እንወጣለን አሉ። እትዬ አልተቆጡም። ባለቤታቸውን አስጠርተው ሸሚዛቸውን አስወለቁና ጠባሳውን አሳዩአቸው።

«ይህንን ያደረግኩት ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ» አሏቸው።

ወጣቷ ፓምፑን በቁጥር መሳብ፣ ደወል ባለው ሰዓት ደቂቃ መጠበቅና የቆዳውን ውጥረት በጣቷ ማንበብ ተማረች። ቀለሙን ጮክ ብላ የምትነግራት አጋር ሠልጣኝም ተመደበችላት። አጋር ልሁን ብላ እጇን ያወጣችው እንወጣለን ብለው ከነበሩት ከሁለቱ አንዷ ናት። ያቺ ወጣት ዛሬ የማሠልጠኛው ኃላፊ ናት።

በ2011 ዓ.ም. እትዬ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለሐኪም እንኳ ከመናገራቸው በፊት ለሠልጣኞቻቸው ነገሯቸው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም የደንበኛ ገላ አልነኩም። ወንበር ላይ ተቀምጠው በቃል ብቻ አምስት ዓመት አስተማሩ። ሕመሙ አልጋ ላይ ሲጥላቸው ያሠለጠኗቸው ልጆች ተራ ገብተው የደረቁ ጣቶቻቸውን ያሹላቸው ነበር። በመጨረሻዋ ሳምንት ተራው የኃላፊዋ ነበር። እትዬ እንደ ልማዳቸው ያርሙኛል ብላ ብትጠብቅም፣ «እጅሽ ይባረክ፤ የምጨምረው የለኝም» አሏት።

እትዬ ቀስ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸው፣ ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸውና ከአራት መቶ በላይ ሠልጣኞቻቸው በሕይወት አሉ። ያስታመሟቸውን ሁሉ፣ በተለይም ፀጉራቸውን በየቀኑ ታበጥርላቸው የነበረችውን ነርስ፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የስንቱን ሸክም ከትከሻው ያቀለሉትን እህታችንን፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በለስላሳ እጁ ይቀበልልን።