የኮት ቁልፏን ማን ነገራቸው?

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ ግድግዳ ትደግፋለህ? እማዬ ዓይኗን ታከመች? ባለቤትህስ፣ ያቺ ድንቡሼ ልጅህስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ላንተ መዋሸት አልችልበትም። አካሌ ደኅና ነው። ልቤ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ በጥርጣሬ ታምሟል፤ የምጠረጥረውም፣ በኋላ ከምትደነግጥ አሁኑኑ እወቀው፣ አንተን ነው።

ደውላ ለምን አልጠየቀችኝም እንዳትል። ድምፅህን ከሰማሁ ማመኔ አይቀርም። ወረቀት ላይ ግን ሳቅህ አይሰማም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርህ፤ ታግሠህ አንብብ።

እንደምታውቀው የምሠራበት ድርጅት ቼዝ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቷል። አምስት ሰዎች ነን፤ አብዛኛውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በቅርቡ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሌላ ድርጅት የራሱን ይዞ ብቅ አለ፤ በአራት ወር ሠርተን ጨረስን ይላሉ። ለተማሪዎች በሚታደለው ታብሌት ላይ የሚጫነው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች ሃያ ጨዋታ ይጋጠሙና የተሻለው ይታወቅ ተባለ። የኛ ከተሸነፈ ድርጅቱ ይዘጋል።

የሚጋጠሙት የዕቃ ማከማቻ በነበረ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል፣ ኢንተርኔት የሚባል የለም። ስልካችንን በር ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠን እንገባለን። የነሱ ማሽን የተጫወተችውን እኔ በእጄ ወደኛ ማሽን አስገባለሁ፤ የኛን ደግሞ የነሱ ሰው እንዲሁ ያስገባል። መሀል ላይ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ዳኛ ሆነው ተቀምጠው መነጽራቸውን ሲወለውሉ ይውላሉ። እማዬ ይህን ብታይ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ሁለት ብረት ስታፋጥጪ ለመዋል ነው ወይ ማለቷ አይቀርም፤ አልፈርድባትም።

ጨዋታው አንገት ላንገት ተያይዟል። እስካሁን ከተደረጉት አሥራ ዘጠኝ ጨዋታዎች አሥራ ሰባቱ አቻ ወጡ፤ አንዱን እኛ፣ አንዱን እነሱ አሸነፉ። መጀመሪያ እኩል ተፎካካሪ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። እየቆየ ግን አቻው በዛብኝ። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይግባቡም። አለቃዬ በበኩሉ ፕሮግራማችን ተሰርቋል ብሎ ያልጠረጠረው ሰው የለም፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠረጠረ፣ ቀጥሎም ዳኛውን ኪስዎን ያሳዩን ብሎ አስቀየማቸው። እኔም፣ ሰውየው ለይቶለታል ብዬ ስስቅበት ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ማለት ለካ ለኔ ነው።

አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቼዝ ያስተማረን በየትኛው ሰሌዳ እንደነበር አትረሳውም። በሰያፍ ከሚሄዱት ጳጳሶች አንዱ ጠፍቶ፣ በምትኩ ከአሮጌ ኮቱ የተነቀለ ቁልፍ ነበር የምናስቀምጠው፤ ከዚያ ወዲያ ጳጳሱን ሁሉ የኮት ቁልፍ ማለት ለመድን። የኮት ቁልፍ ደግሞ ማን ያከብረዋል? ፈረስ በተገኘ ቁጥር በሱ እንለውጠው ነበር። አባባም፣ አበጃችሁ፣ ፈረስ ይበልጣል እያለ ያጸድቅልን ነበር። እንዳልሆነ ካደግን በኋላ ከመጽሐፍ አነበብን፤ ሁለታችንም ግን ለሱ አልነገርነውም። እኔም ፕሮግራሙን ስጽፍ፣ ለየጠጠሩ ዋጋ በሚሰጠው ቁጥር ላይ ፈረሱን ከጳጳሱ አስበለጥሁት። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ፣ ለአባባ ስል ነው ያደረግሁት። እዚህ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ይኸው ማክሰኞ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ጨዋታ፣ የነሱ ማሽን ማንም ሳያስገድዳት ጳጳሷን ሰጥታ ፈረስ ወሰደች። ስታደርገው አራተኛ ጊዜዋ ነው። ይህን እያሰላሰልሁ ሳለሁ፣ ከፊቴ የተቀመጠው የነሱ ሰው፣ አንድ ረጅም ግራኝ ሰውዬ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ «በቃ፣ የኮት ቁልፏ ሄደች» አለ።

ወንድሜ፣ ጳጳስን የኮት ቁልፍ ብሎ የሚጠራ ከኛ ቤት ሌላ የት አለ?

እማዬ ባለፈው ክረምት የጓሮውን ክፍል ስለተከራየው ሰው ያስጻፈችልኝ ትዝ አለኝ፤ ረጅም ነው፣ በግራው ነው የሚጽፈው፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ከወንድምሽ ጋር ቼዝ ላይ ከተቀመጡ ራት ቀርቦ ይቀዘቅዛል ብላኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ሩቅ አገር ሥራ አገኘሁ ብሎ ለቀቀ አላችሁኝ። ሩቁ አገር እንግዲህ እኔ ያለሁበት ነው።

አሁን ጥቁሩን ፍላሽ አስብ። አምና ሚያዝያ ላይ ለእረፍት ስመጣ፣ የሠራሁትን አይተህ እንድትኮራብኝ ብዬ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደንብ ውጪ ፕሮግራሙን በሱ ላይ ቀድቼ አመጣሁልህ። ለማንም እንዳታሳይ አልሁህ፤ አንተም በእማዬ ስም ማልህልኝ። ቀን ቀን ጠበቃህ ሆኜ እከራከርልሃለሁ፤ ሰውየው ቁልፏን ከጨዋታችሁ ለምዶ ይሆናል፣ ፈረስ መውደዱም ካንተ ተጋብቶበት ይሆናል እላለሁ። ግን አውቅሃለሁ። አንድ ሰው ጎበዝ ነህ ካለህ የለበስከውን ሸሚዝ አውልቀህ የምትሰጥ ነህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ሞፈሩ ግን የኔ ነበር።

ዛሬ ዳኛው የአለቃዬ ንትርክ ሰልችቷቸው፣ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ወረቀት እንዲፈርም አዘዙ። ፕሮግራሙ ከድርጅቱ ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ አያውቅም ይላል። ረጅሙ ሰውዬ ሳያቅማማ ፈረመ። አለቃዬ ለኔ ብዕሩን ሲያቀብለኝ፣ እዚህ ቤት የማልጠረጥረው አንቺን ብቻ ነው አለኝ። ያ ቃሉ አሳፈረኝ። እውነቱን ልናገር ብል ከሥራዬ ጋር የአራት ሰው እንጀራ ይሄዳል፤ ፍላሹን ለማን ሰጠሽ ሲሉኝም ያንተን ስም ልጠራ ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁትና ፈረምሁ።

ቅዳሜ ሃያኛው ጨዋታ ነው። የትኛዋም ብታሸንፍ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለሷ የጻፍሁትን በሌላ ገጽ አድርጌዋለሁና ያንን አንብብላት፣ ይህን አደራ አታሰማት። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ድንቡሼን ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስትሽ ፊደል ቆጠርሽ ወይ ትላለች በላት። አክስታችንን፣ ጆሮዋ ቢሰማም ባይሰማም፣ ጮክ ብለህ ሰላም በልልኝ።

ላንተ ግን የመሰነባበቻ ሰላምታዬን ለጊዜው አቆይቻለሁ። በሐሰት መፈረሜ የራሴ ጥፋት ነው፣ ባንተ አላላክክም። ፍላሹን ሰጥተኸው ከሆነ ግን አንተ እኔን ይቅርታ ትለምናለህ፤ ካልሰጠኸው ደግሞ ወንድሜን በከንቱ ጠርጥሬአለሁና እኔ አንተን እለምናለሁ። የትኛችን እንደሆን ጻፍልኝ። እኔ እንድሆን እየጸለይሁ ነው።

ታናሽ እኅትህ፣
ከመሥሪያ ቤቴ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የደረጃው አጠገብ ካለችው ክፍል
ሐሙስ፣ መጋቢት 10 ቀን