የወ/ሮ ዘሃራ ሽቦ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ሽንኩርቱ ዛሬም ውሃ ያቀረረ ነው። ባለሱቁ ደህና ደህናውን ከላይ ደርድሮ ከሥር ይዘግናል። ልምረጥ ብል፣ «እማማ፣ ሽንኩርት ነው እንጂ አማች አይደለም፤ ምን ያስመርጥዎታል?» አለኝ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልስቅ ነበር፤ ተውኩት። ዳቦውም አንሷል። ድሮ በሁለት እጅ የምይዘው አሁን መዳፌ ውስጥ ይገባል።

ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁ። ይህን ኮንዶሚኒየም የሠራ ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም።

የቴሌቪዥን ድራማ ቱርኮቹ አማርኛ ከለመዱ ወዲህ ምሳዬን ከእነሱ ጋር ነው የምበላው። ዛሬ አማቲቱ ሻዩ ውስጥ መርዝ ጨመረች፤ ምራቷ ብርጭቆውን አነሳች፣ ወደ አፏ አስጠጋች፣ ጠፋ። አረብኛ ዜና። የቀየረችው ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘሃራ ናት። ዲሹም ረሲቨሩም እሷ ቤት ነው፤ ለእኔ ግድግዳ በስቶ የሚመጣ ሽቦ ብቻ። እሷ የከፈተችውን አያለሁ፤ ስትቀይር ይቀየርብኛል። ድሮ ቢሆን ግድግዳውን በማማሰያ አንዴ እመታለሁ፣ ትመልስልኛለች። አሁን ተኳርፈናል። ማማሰያውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጅቷ ትጠጣው አትጠጣው አላወቅሁም።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ለሰው ብነግር ዕርቅ ብለው ሽማግሌ ይሰበስቡብኛል። ስለዚህ ለአንቺ ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ታገሺኝ።

ጠቡን ያመጣው ዘይት ነው። ባለፈው ሳምንት የሸማቾች ሱቅ ዘይት ገባ ተባለ። እንደ ልማዳችን ጀሪካን አሰለፍን፤ የእሷ፣ ከኋላው የእኔ ቢጫው። ሰው ጥላ ይዞ ይቀመጣል፣ ጀሪካን ይሰለፋል። ልደታን ተሳልሜ ልምጣ አልኳት። በእግሯ እየገፋች ልትጠብቅልኝ ተስማማች። ስመለስ የእሷ ሞልቷል። የእኔ ከሰልፍ ወጥቶ ቱቦው ዳር ተጋድሟል። እሷ ስልክ ስታወራ ገፍተው አስወጡት አሉ። ዘይቱም አለቀ።

ባሏ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል። በሰው ፊት፣ ድሮም ነጋዴ የራሱ ከሞላ የሰው ባዶ አይታየውም አልኳት። ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ደረጃ ላይ ተገናኘን። እኔ ምስርና ቲማቲም ይዣለሁ፣ እሷ ጎመን። ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈችኝ። ጎመኑን አየሁት፤ ጥሩ ነው። ከየት እንደገዛችው ድሮ እጠይቃት ነበር። የእኔ ቲማቲም ግማሹ ጥሬ ነው፤ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ላይ ያሰጡትና በሰለ ይሉታል።

ድራማው ዛሬም ተቆረጠ። ኳስ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከቤ/ክ መጣሁ። እሑድ 4 ሰዓት የመዝሙር ፕሮግራም አለ። በግድግዳ አንኳኩቼ ነበር የማስከፍተው። አላንኳኳሁም፤ አልከፈተችም። አረብኛ ምግብ አሠራር ነው። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሽንኩርት ታቁላላለች። እንደዚያ ያለ ሽንኩርት በዚህ አገር የለም። እስከ መጨረሻው ተናድጄ አየሁት።

ለልጄ ለግርማ ደወልኩ። ከዛሬ ነገ የራስሽን ዲሽ ላስገባልሽ ሲለኝ ዓመት ሆኖታል። አስገባልኝ አልኩት። ምን ተገኘ አለኝ። ምንም አልኩት።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

የዲሽ ሠራተኛው መጣ። ጎረምሳ ነው፣ አፉ አያርፍም። «ማዘር፣ ከዛሬ ጀምሮ ንግሥት ነዎት፤ ሪሞቱ በእጅዎ ነው፣ የሚያዝብዎት የለም!» የዘሃራን ሽቦ ፈትቶ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አንጠለጠለው። ከግድግዳው ንቀልልኝ ስለው፣ ቀዳዳው ትኋን ይጠራል ብሎ ተወው።

ዘሃራ ቀኑን ሙሉ ባሏ ሱቅ ነበረች። አላየችም። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አናደደኝ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ጣቢያው ማለቂያ የለውም። መጥበሻ የሚሸጥ ሰውዬ። ትግል። አንበሳ። ደግሞ ያው መጥበሻ። ቱርኮቹን እስካገኛቸው አውራ ጣቴ ዛለ። የሳምንቱን ድጋሚ ይዘዋል። ልጅቷ ሻዩን አልጠጣችውም፤ ድመቷ ደፋችው። ማንም አልቆረጠብኝም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁ፤ አለቀ።

ታዲያ ምን ልሁን?

ድመቷ ዘልላ ብርጭቆውን ስትመታ ዘሃራ ከግድግዳው ወዲያ፣ «እሰይ የኔ አንበሳ!» ብላ ጮኸች። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

ጥቅምት 17፣ እሑድ፣ ጠዋት

ከቤ/ክ ተመልሻለሁ። ጉልበቴ አሞኛል። ቴሌቪዥን አልከፈትኩም፤ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ።

በግድግዳው መዝሙር ይሰማል። ከዘሃራ ቤት። እንግዳ መጣባት ብዬ ኮሪደሩን ብቅ ብዬ አየሁ። በሯ ላይ ያለው የእሷ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ባሏም የለም።

ሰዓቱን አየሁ። 4 አልፏል።

ሽቦው መፈታቱን አታውቅም። ሳላንኳኳ፣ ሳልለምናት፣ ያችን ባለሽንኩርት ሴትዮ ትታ ለእኔ ከፍታልኛለች። መስገጃዋ ያለበት ቤት ቁጭ ብላ የእኔን መዝሙር ታስጨርሳለች። እኔ ደግሞ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ።

አልቅሼ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ግን አያስለቅስም፤ ለአንቺስ ምን አስዋሸኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ሽቦውን መልሼ ገጠምኩት። እንደ ጠርሙስ ክዳን ነው የሚጠመዘዘው። ሥዕሉ በረዶ በረዶ ይላል፤ የግርማው ዲሽ የጠራ ነበር። ይሁን። ግርማ ከጠየቀኝ ዲሹን ንፋስ አዞረው እለዋለሁ።

ይቅርታ አልጠይቃትም። ጀሪካኔን ያስጣለችው እሷ ናት። ስልኳን እያወራች።

ነገ ዘይት ይገባል እያሉ ነው። በዚህ ጉልበት መሰለፍ አልችልም። ቢጫውን ጀሪካን ወስጄ በሯ ላይ፣ ከጫማዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። ተመልሼ ማማሰያውን አነሳሁና ግድግዳውን መታሁ። አንዴ።

ቴሌቪዥኑ አልተቀየረም፤ ያው ኳስ ነው።

በሯ ተከፈተ። ጀሪካኑ ሲነሳ ይሰማኛል።

«እትዬ የሺ! ኧረ ክዳኑስ? ያለ ክዳን ነው እንዴ የምሰለፍልዎት?»

ክዳኑ ኪሴ ውስጥ ነው። ሆን ብዬ ነው። ልሂድ፣ እየጠራችኝ…