ከብቸና የቆለፍኩት የሞጣ ሰርቨር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ብቸና

ተሳካ! የሞጣን ቢሮ ኔትወርክ የሚጠብቀው ፋየርዎል ሊኑክስ ሰርቨሩ ላይ ተጫነ። ሳጥን የለው፣ ገመድ የለው፣ ሶፍትዌር ብቻ! ያውም እዚህ ብቸና ቁጭ ብዬ!

ከደስታዬ ብዛት ግን የራሴንም መግቢያ ዘጋሁት። ቢሮው ከነባለጉዳዩ ያለ ኢንተርኔት ቀረ።

እዚያ መዝገብ ቤት ለሚሠሩት መሪጌታ ደወልኩላቸው። ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ስልክ አይሠራምና የመክፈቻውን ትእዛዝ "ይጻፉት" አልኳቸው።

"ቅኔ ቤት ወረቀት አልያዝንም፤ በይ ንገሪኝ፣ ልጄ።"

ፊደል በፊደል ሁለቴ ነገርኳቸው። ገቡ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ድንገት የሞጣው ሰርቨር ስክሪኔ ላይ ብቅ አለ! እልል አልኩ።

መሪጌታ ወጥተው ደወሉ። "ሁለተኛ ስትነግሪኝ አንዲት ፊደል ዘለልሽ፤ እኔ የመጀመሪያውን አስገባሁ።"

እኔ እኮ ከወረቀት ነበር የማነብላቸው።