የስልኬ ብረት ደህና ነው

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ሽሮ እሠራለሁ፣ አያርርብኝም። ከአፍንጮ በር ፒያሳ በእግሬ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ፊደሌ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ይሁን። ማን ሊያየው? ባለቤቴ ተሾመች ካረፈች ወዲህ የዋልኩበትን የምነግረው የለኝም...

ዛሬ ከባልንጀራዬ ከሉልሰገድ ጋር ማኪያቶ ጠጣን። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ እሱ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ሩቅ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። የእጅ ሰዓቴ ቆማብኝ ነበር፣ ሰጠሁት። ዕድሜውን ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጆሮው ላይ ለጠፋትና "ታማለች እንጂ አልሞተችም" አለ።

ሞንዳክ የሚባለው ስልኬ፣ አሮጌ ነው፣ አዲስ ሲስተም ጫን የሚል ጽሑፍ ያወጣብኝ ጀመር። ምኑ ነው አሮጌ? ጭረት እንኳን የለበት።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ተጣላን። በስልክ ምክንያት!

ሉልሰገድ ሞንዳኩን ጥሎ ፕላስቲክ ስልክ ይዞ መጣ። ሞንዳክ ሁለታችንም በአንድ ቀን ነው የገዛነው። የመረጠችልን ተሾመች ናት። "ይሄ ከእናንተ በኋላም ይኖራል" ብላ። የስልኬን ማኅደር በክር የሠራችልኝም እሷ ናት። እኔ ወርቅ ሠሪ ነበርኩ፣ ዕቃ በእጄ ሳነሳው አውቀዋለሁ። ሞንዳክ ይከብዳል። ጠርዙ ብረት ነው፣ ደረጃ ላይ ወድቆ ምንም አልሆነም። የሱ አዲሱ እንደ ባዶ ክብሪት ይቀላል።

"ካምፓኒው ደክሟል እኮ" አለኝ። "ሲስተም መላክ አቁሟል። ነገ የእድሩ ግሩፕ አይከፈትልህም።"

"ብረቱን እየው።"

"ብረቱን ምን ላርገው? አንተ ደግሞ ሁሉን በሚዛን! ሰዓት ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር ማሽኑ ካልሄደ ሰዓት አይደለም፣ አምባር ነው።"

ሰው ሳቀ። አስተናጋጇ ሳትቀር። ደሜ ፈላ። "ሰዓት ጠጋኝ ስለ ብረት ምን ያውቃል? የሰው ዕቃ ስትከፍትና ስትዘጋ ነው ዕድሜህ ያለቀው" አልኩት።  የሁለታችንንም ሒሳብ ከፈለ። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ወጣ።

ይቅርታ እሱ ይበል። ሰው ፊት ያሳቀብኝ እሱ ነው።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ግሩፑ አልከፈት አለኝ። የእድራችን ግሩፕ። ድሮ ሰው ሲሞት ተስፋሁን ጡሩምባውን ይዞ በየበሩ ይዞር ነበር። ሰፈሩ ተበተነ፣ ጡሩምባ ለማን ይነፋ? መርዶው በስልክ፣ በግሩፑ ሆነ።

ፒያሳ ስልክ የሚጠግነው ጎይቶም ጋ ወሰድኩት። ከፍቶ አየውና አፏጨ።

"አባባ፣ ዕቃው አንደኛ ነው። እንዲህ ያለ አሁን አይሠሩም።"

"እንግዲህ!"

"ግን ሲስተሙ አርጅቷል። ሠሪው አዲስ ካልላከ እኔ ከየት አመጣለሁ? መደወል ይደውላል። ግሩፑን ግን ይርሱት። ሌላ ስልክ ይያዙ።"

ሌላ ሊሸጥልኝ ነው፣ ሌባ... አልኩ በሆዴ። በሆዴም አይደለም፣ ጮክ ብዬ ነው። ሳይቆጣ አቧራውን ጠርጎ መለሰልኝ።

ልጄ ሜላት ልግዛልህ አለች። አልፈልግም። መደወል ይደውላል አይደል? የፈለገኝ ይደውላል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አልመጣም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሉልሰገድ ደወለ። እስኪያቆም ድረስ አየሁት። ደግሞ ደወለ። ጥሪው እንዴት ጥርት ያለ ነው፣ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል... አላነሳሁም። ይምጣ። ይቅርታ በስልክ አይባልም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ከምሳ በኋላ ካፌው ተቀመጥኩ። እስኪመሽ። ወንበሩን ሊወስዱት ሲመጡ "ሰው አለው" እያልኩ ከለከልኩ። አልመጣም። እልኸኛ ሽማግሌ! ልደውል ብዬ ስልኬን አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት። በሚመጣው ሐሙስ...

ጥቅምት 23፣ እሁድ

ሉልሰገድ ሞቷል።

ከአትክልት ተራ ሽቅብ ስወጣ ፈቲያን አገኘኋት፣ የድሮ ጎረቤታችንን፣ ሽንኩርት ነጋዴዋን። ሰላምታዬን ሳትቀበል "ጋሽ ገዛኸኝ፣ ምነው ምን ነካዎት? የሉልሰገድ ቀብር እንኳን ይቀራል? እኔ ሱቄን ዘግቼ ሄጃለሁ" አለችኝ።

የትኛው ሉልሰገድ? አልኳት። የትኛው... ሌላ አለ?

ረቡዕ ሌሊት ልቡ ቆመ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። ያን ሰዓት እኔ ወንበር እየጠበቅኩለት ነበር።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ለእድሩ ጸሐፊ ለቃለጽድቅ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ከሌሊት ጀምሮ ግሩፑ ላይ ወጥቷል እኮ። ሰው ሁሉ አይቶታል። እርስዎም ያዩ መስሎን..." ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ደንባችን ነው። መቀጮውን ግን አላነሳብኝም። አፍሮልኝ ነው። ባነሳብኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ የሉልሰገድን ሚስት አይናዲስን ላጽናና ቤታቸው ደወልኩ። ልጁ ኤዶም አነሳች። 

"እማዬ ገዛኸኝ መጣ ወይ ስትል ዋለች። ተጣልተው ነበር ሲባል... ሞቶም አልታረቀውም ብለው ነው የቀሩት ብለን።"

እኔ? እሱን አልቀብርም ብዬ? የተሾመችን ሬሳ ከፊት ሆኖ የተሸከመ ሰው!

ስልኬ አልከፍት ብሎኝ ነው ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደረሰ። አፈርኩ። ስልክ ምክንያት ይሆናል?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

አልወጣሁም። ሽሮዬ አረረ።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ሜላትን ግዢልኝ አልኳት። ፕላስቲኩን። የሉልሰገድን ዓይነት። ነግሬህ አልነበር አላለችም፣ ልጄ ትባረክ። ቁጥሬን አስገባችበት። የተሾመች ማኅደር አልሆነውም፣ ይሰፋዋል።

ግሩፑ ተከፈተ። ከሥሩ የሉልሰገድ ስም። በድምፅ የላካቸው ሦስት መልእክቶች።

"አባዬ፣ እኔ ልውጣ?"

ተቀመጪ አልኳት።

አንደኛው... "አንተ ግትር! ስልክ ካላነሳህ እንዲህ ነው የማገኝህ። ይሄን እንግዲህ በጆሮዬ አልሰማም በል!" ይስቃል። ያ ሳል የሚቀላቀለው ሳቁ።

ሁለተኛው። "ሰዓትህ ሄዳለች። ጸጉር የምታህል እድፍ ነበረች የያዘቻት። ና ውሰዳት። ደግሞ ልንገርህ፣ ይሄ የኔ ስልክ ከሶፋ ላይ ወድቆ ተሰነጠቀ። በብረቱ ልክ ነህ። ይኸው አምኛለሁ።"

ሦስተኛው የረቡዕ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ። "ገዛኸኝ... ደረቴን ያዝ አድርጎኛል። ለአይናዲስ አልነገርኳትም፣ ትጨነቃለች። ነገ ሐሙስ ነው። ልምጣ? ቀረህ እንዳትለኝ ብዬ ነው... ማኪያቶው ያንተ ተራ ነው።"

ሜላት አለቀሰች። እኔ ድገሚልኝ አልኳት።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ሞንዳኩን በማኅደሩ አድርጌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ባትሪው ሙሉ ነው። ብረቱ ደህና ነው።

አሁን ዕዳዬን ልጻፍ። ሜላት አብሬህ ልሂድ ትላለች። አይሆንም፣ የኔ ነው።

ጎይቶምን ሌባ ብዬዋለሁ። ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ሰው ባለበት፣ ይቅርታ።

የእድሩ መቀጮ። ቃለጽድቅ ይቅርልዎት ቢል እንኳን በእጁ አስጨብጠዋለሁ።

ሐሙስ ሁለት ማኪያቶ። የሱ ይቀዝቅዝ። ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ከፍዬ እወጣለሁ።

አርባው ሲወጣ ድንኳን ከሚተክሉት ቀድሜ መድረስ። በዚህ ዕድሜዬ ካስማ ባልመታ ገመድ እይዛለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ። ሁለት ታክሲ ነው፣ እሱ በየሳምንቱ የተሳፈረው። አይናዲስ ፊት ቆሜ አለቅሳለሁ። ሰዓቴን ከእጇ እቀበላለሁ። ለምን ቀረህ ብትለኝ ግሩፑ አልከፈት ብሎኝ አልላትም። ደውሎልኝ ነበር እላታለሁ። ሁለት ጊዜ። ስልኩ ጮኋል፣ ጥርት አድርጎ። ያላነሳሁት እኔ ነኝ።