«በቃ» ሳልል የቆምሁባት ሰዓት

ጎንደር፣ መጋቢት 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

«ተማሪው እየተገረፈ በእንግሊዝኛ በመሳለቁ ከትምህርት ቤት ተባሯል፤ መምህሩም ክፍሉን ሥርዓት ባለማስያዙ ተገሥጿል።» የዳይሬክተሩ ደብዳቤ ቃል በቃል ይኸው ነው።

ውሸት! የተባረረው ተማሪዬ፣ ዲያቆኑ፣ አልተሳለቀም። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጡ ጎልማሶች ስለሆኑ፣ «ጊቭ አፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉሞች እንደ ዳዊት በዜማ አስደግማቸዋለሁ። ዛሬ ተራው የኮሶዬው ዲያቆን ነበር። «ጊቭ አፕ፣ መተው። ጊቭ አፕ፣ እጅ መስጠት። ጊቭ አፕ፣ አሳልፎ መስጠት» እያለ ሲያዜም ዳይሬክተሩ አለንጋውን ይዞ ገባ።

«ቅኔ ማሕሌት የቆምህ መሰለህ? ዝም በል፣ አንተ ደብተራ!»

ገረፈው። ዲያቆኑ ቀጠለ። የአንገቱ ቆዳ ተሰንጥቆ ደሙ ነጠላውን አራሰው፤ አሁንም ቀጠለ። ግርፋቱ የቆመው አለንጋው ሲበጠስ ነው። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ያንን ሰው ጉሮሮውን አንቄ ከሰሌዳው ጋር ላላትመው ተመኘሁ፤ ግን ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም።

ቀሐ ወንዝ ወስጄ ቁስሉን ሳጥብለት «ምነው ዝም አላልህም?» አልሁት።

«የኔታ፣ እርስዎ በቃ ሳይሉኝ እንዴት አቋርጣለሁ? በእኛ ዘንድ የሚገረፈው ያቋረጠ ነው።»

ለካ ሲገረፍ ሁሉ ዓይኑን ከእኔ ያልነቀለው ለዚህ ነው።

ነገ ለዳይሬክተሩ እጽፋለሁ፦ ዲያቆኑ ተመልሶ የዓመቱን ፈተና ይፈተን፤ በምን ጥፋት እንደተገረፈም እስከ መጋቢት 20 ቀን በጽሑፍ ይመለስልኝ። ያችን አንዲት ቃል ለምን እንዳልተናገርሁ እኔም እስከዚያው ቀን በዚሁ ደብተር ላይ በጽሑፍ እመልሳለሁ።